የካራቫኑ መተንፈሻ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሁለቱን አዛውንቶች ስም ቀይሬያለሁ። ሌላው ሁሉ እንደሆነው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት አደራ ስለነበረብኝ ነው፤ አደራው እንዴት ከትከሻዬ እንደወረደ መጨረሻው ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ የጭነት መኪና ቦዲ እጠግን ነበር። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴን አቋርጬ ከገራዶ ስመጣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ የወዳደቀ ላሜራ እየለቀምኩ ማጠፍና መቁረጥ ጀመርኩ። የተበላሸ ነገር ሳገኝ ፈትቼ አያለሁ፤ ያልገባኝን ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ፤ ደግሞ ፈትቼ አያለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ዝናብ የሚያስገባ ቦዲ ያለው ሹፌር ሁሉ የሚፈልገኝ ሰው ሆንኩ። ሰው ግን ብዙ አላናግርም ነበር። ከዕቃ ጋር መዋል ይቀለኛል። ዕቃ ቀዳዳ ካለው አለው፤ ከሌለው የለውም። ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ እደፍነዋለሁ፣ እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ። ውስጡ ማን እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚኖር የኔ ጉዳይ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐጂ እንድሪስ ፈልገውኝ መጡ። ደሴ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሆጤ ነው። በዕድሜ ገፍተዋል፤ አካሄዳቸው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል መጥተው ጫማቸው ላይ ጠብታ አልነበረም። እንደቆሙ ነገሩን አስረዱኝ።

ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው። የደሴ ብርድ ሲበረታባቸው ሐኪሙ ሞቅ ያለ ቦታ ይሁኑ አለ። ደሴ ላይ እንዲህ የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ሐጂ ኮምቦልቻ ላይ ቤት የላቸውም፤ የእህታቸው ልጅ ሰአዳ ግን ሰፊ ግቢ አላት። ቤት እስኪሠሩ ድረስ ብለው፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ ከተሸጠው ዕቃ መሀል ካራቫን ገዝተው ግቢዋ ውስጥ አቆሙት። ካራቫን የማታውቁ ካላችሁ፣ በጎማ እየተጎተተ የሚሄድ ቤት ነው፤ አልጋ አለው፣ ማብሰያ አለው፣ መስኮትና መጋረጃ አለው። ሌላ አገር ሰው ለሽርሽር ይዞት ይዞራል ይባላል፤ እኛ ጋ መሐንዲስ ያድርበታል።

በጋውን እማማ ዘሃራ ደህና ሆነው ከረሙ። ክረምቱ ሲገባ ግን ግድግዳው ውሃ ያወርድ ጀመር። ሳሉም ተመለሰ፣ ከደሴው የባሰ ሆኖ። ከኔ በፊት የሞከሩ ሰዎች ሲሊኮን ቀብተው ቀብተው ሄደዋል። ውሃው አልቆመም።

«ይህን ክረምት እዚህ ካላሳለፍኳት ደሴ ልመልሳት ነው» አሉኝ ሐጂ። «በዚህ ብርድ ደሴ ከወጣች ደግሞ…» አልጨረሱትም። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን መቁጠሪያ ሲነካኩ አየሁ። «ልጄ፣ ውሃውን ብቻ አቁምልኝ።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ተከተልኳቸው።

ካራቫኑ ከግንቡ አጥር ጥግ፣ በድንጋይ ተደላድሎ ቆሟል። ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን ጎኑ ላይ ዝገት ወርዶበታል። በሩን ከፍቼ አንገቴን ሳስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፣ ቀጥሎ ሽታው። ድንች የከረመበት ጓዳ ይሸታል። የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል አልቦታል። እማማ ዘሃራ አልጋው ላይ ትራስ ተደራርቦላቸው ተቀምጠዋል፤ ጋደም ማለት አይችሉም። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል። አረንጓዴ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰዋል።

«እንዴት አደሩ እማማ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ይኼ ነው ሐኪሙ?» አሉ ወደ ሐጂ ዞረው።

«የጣራ ሐኪም ነው።»

«እሱ ይሻላል። የኔዎቹ ሐኪሞች መሰላል ይዘው መጥተው አያውቁም።»

ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ረዘመ። ሐጂ ጀርባቸውን ደግፈው ያዙ።  ሳሉ ሲያልፍ እማማ ዘሃራ ዓይናቸውን ጠርገው አዩኝ።

«አንተስ ምነዋ ዝም አልክ? ምላስህን ጋራዥ ረስተህ መጣህ?»

«ሥራ ላይ አያወራም» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያ እርስዎን ሊያስተምርልኝ ነው የመጣው።»

እኔ ግን ግድግዳውን ነበር የማየው። ከአልጋው ራስጌ በኩል የግድግዳው ስስ እንጨት፣ ኮምፔርሳቶው፣ አብጦ ሆዱን ነፍቷል፤ ቀለሙ ጠይሟል። ሌላም ነገር አይቼ ነበር። የመስኮቶቹ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ይህን ሳይ ምንም አልመሰለኝም። በሚኒባስ ሐረጎን ስንወጣ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ምን እንደሚደርስበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጤነኛው በንፋስ የሚጣላበት አገር፣ ለታመመ ሰው መስኮት ቢታሸግ ምን ይገርማል? እኔም ራሴ ከሚዘጉት ወገን ነበርኩ።

ሥራዬን ከጣራው ጀመርኩ። የሚያፈስ ጣራ ሲፈተሽ ውሃ ዝም ብሎ አይደፋበትም። ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ወደ ላይ መሄድ ነው፤ አለዚያ ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ መግቢያው አይታወቅም። ሰአዳ መሰላሉ ላይ ሆና በጆግ ታፈሳለች፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ኮርኒሱን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ጥቂት ቆይቶ አገኘሁት። ድሮ አንቴና የታሰረበት የብሎን ቀዳዳ ነበር። ከኔ በፊት የመጡት ሲሊኮን ደራርበውበታል፤ ቆሻሻ ላይ ስለተቀባ ግን እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቷል። አሮጌውን ፍቄ አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በላሜራ ቁራጭ ለብጄ ዙሪያውን አሸግሁት። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር፣ እስኪጠና ብዬ የጭነት መኪና ሸራ አምጥቼ ጣራውን በሙሉ አለበስኩትና በገመድ ወጥሬ አሰርኩት።

«ነገ ደረቅ ይሆናል» አልኳቸው ለሐጂ። እንዲህ ብሎ ቃል መስጠት ልማዴ አይደለም፤ ግን ቀዳዳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ዝናቡ እስኪነጋ ሲወርድ አደረ፤ እኔ ግን እፎይ ብዬ ነው የተኛሁት።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።  ሸራውን ፈትቼ ጣራውን ዳሰስኩ፤ ጠብታ የለበትም። የሸራው የውስጥ ፊት እንኳን ደረቅ ነው። ወደ ውስጥ ገባሁ። የራስጌው ግድግዳ ውሃ ቋጥሮ፣ ጠብታው እየተንከባለለ ይወርዳል። የእማማ ዘሃራ ትራስ ጠርዙ ርሷል።

ደረቅ ጣራ፣ እርጥብ ግድግዳ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እስከዚያ ቀን ዕቃ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ሐጂ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው አነሱትና በመሐረባቸው ጠረጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ደከምክ፣ ልጄ» አሉ ብቻ። እማማ ዘሃራም በዚያ ጠዋት አልቀለዱም። ከንፈራቸው ጠቁሯል። በአፋቸው ነው የሚተነፍሱት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

ግድግዳውን ልክፈተው፣ እማማ ግን ውጭ መቀመጥ ሊኖርባቸው ነው አልኩ። ሐጂ ብርድ ይመታታል ብለው አመነቱ። ሰአዳ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ መውጣቷን እየማለች ለምና አሳመነቻቸው። የጁምዓ ሰዓት እየደረሰ ነበር። ደግፈን አወጣናቸው፤ ሐጂ በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጧቸው። ከዚያ፣ ወደ መስጊድ ከመሄዳቸው በፊት፣ ወደ ካራቫኑ ተመልሰው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ መዳፋቸውን አስኬዱ። ንፋስ የሚያስገባ እንዳለ መፈተሻቸው ነው። እጃቸው እኔ ጣራ ስዳስስ እንደማደርገው ነበር የሚሄደው፤ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል። አየሁት፤ አሁንም አልገባኝም።

ካቻቢቴ ይዤ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ብዙዎቹ ዝገው ጭንቅላታቸው ተበልቷል፤ በፒንሳ እያዞርኩ ነቀልኳቸው። ኮምፔርሳቶው ሲላቀቅ ድምፅ እንኳን አልሰጠም፤ እንደ እርጥብ ካርቶን ታጥፎ እጄ ላይ ቀረ።

ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ቀለም የተቀባ መሰለኝ፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ጸጉር አለው። አንዳንዱ ቦታ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቦታ አመድማ ነው። በላሜራውና በእንጨቱ መሀል የተሞላው ፎም ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ማቀፊያ የሆነውን የሞራሌ እንጨት በአውራ ጣቴ ብጫነው ጣቴ ሰመጠ። ሽታው ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝና ወደ በሩ ሮጥኩ። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ደግሞም ለአፍታ ነው የተነፈስኩት። እማማ ዘሃራ ክረምቱን በሙሉ ራሳቸውን ያስደገፉት እዚህ ላይ ነው፤ በእሳቸውና በዚህ ሻጋታ መሀል የነበረው አንድ ስስ እንጨት ብቻ ነው።

አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ተመለስኩ። ከላይ የሚወርድ ውሃ መንገድ አለው፤ በሄደበት መስመር ይተዋል። መስመር ፈለግሁ፤ የለም። ሻጋታው ሁሉም ቦታ እኩል ነው የበቀለው። ከኮርኒሱ ሥር ግን መተንፈሻ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ጠባብ ቤት ሲሠራ የሰው ትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለታል። ጣቴን አስገባሁ። ለስላሳ ነገር ነካኝ።

ጨርቅ ነው። ስስበው እየተተረተረ መጣ፤ እርጥብ፣ ከባድ፣ በሻጋታ የጠቆረ። ከማብሰያው በላይ ያለውን መተንፈሻ አየሁ፤ እሱም ተደፍኗል። ከወለሉ አጠገብ ያለውም እንዲሁ። አንድም የቀረ የለም። ደግሞ በችኮላ የተጎሰጎሰ አይደለም። እያንዳንዱ በቀዳዳው ልክ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ የተሰፋ ነው። ለሙሽራ ልብስ የሚደረገውን ጥንቃቄ ያህል ተደርጎበታል። ከወለሉ በኩል ያወጣሁት ላይ ሻጋታ ያልደረሰበት አንድ ጥግ ነበር። አረንጓዴ አበባ አለበት።

ቀና ብዬ በበሩ በኩል በረንዳውን አየሁ። የእማማ ዘሃራ ቀሚስ ከጋቢው ሥር ወጥቶ ይታያል። ያው አበባ ነው።

የዚያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የግድግዳው ውሃ ከውጭ የመጣ አልነበረም። የእማማ ዘሃራ ትንፋሽ፣ የሻያቸው እንፋሎት፣ ወጥተው መታጠብ ሲያቅታቸው በሳፋ ውዱእ ያደረጉበት ውሃ፣ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ እያረፈ መልሶ ውሃ ሲሆን ከርሟል። እንጨቱ ጠጥቶታል፣ ሻጋታው በልቶታል። እሳቸው ደግሞ መልሰው ሲተነፍሱት ከርመዋል። ማን እንደዘጋው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ልጄ፣ እስቲ ና» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «የያዝከውንም አምጣው።»

ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አስቀድመው አይተውታል። ሰአዳ ወደ ጓዳ ገብታለች። ቀርቤ ተንበረከክሁ። እማማ ዘሃራ ጨርቁን አዩት እንጂ አልደነገጡም።

«የቀሚሴ ትርፍ ነው» አሉ። «ሱቅ ሙሉ ጨርቅ እያላቸው ይሄን መረጡ። ያንቺው ይሁን ብለው።»

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

እያረፉ ነገሩኝ። እዚህ በገቡበት የመጀመሪያ ቀን ንፋስ ነካኝ ብለው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሐጂ ቀዳዳዎቹን ለክተው ደሴ ወጡ፤ በማግስቱ ጨርቁን በልኩ አሰፍተው ወረዱና ሲደፍኑ ዋሉ። በጋ ስለነበር ምንም አልሆነም። ክረምቱ ሲገባ ሽታው መጣ፣ ትንፋሻቸውም ጠበበ። እማማ ዘሃራ ያደጉት ቢስቲማ ነው፤ በልጅነታቸው ቀን በር ተዘግቶ ሲዋል አያውቁም። አንድ ቀን ትንሽ ይከፈትልኝ ብለው ጠየቁ። ሐጂ እሳት የተነሳ ያህል ደነገጡ፤ የገዛ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላቸው። ከዚያ ወዲያ ደግመው አልጠየቁም።

«በል ንገረኝ፤ ይሄ ነው የጎዳኝ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «የእርስዎን ሳንባ እኔ አላውቅም፣ እማማ። ግድግዳውን ግን ያበሰበሰው ይሄ ነው። ያንን ነው ሲተነፍሱ የከረሙት።»

የጨርቁን አበባ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። 

«ለሐጂ ጣራው ነው በላቸው።»

«ጣራው አይደለም እኮ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። አንተ ስማኝ። እኔን የሚወስደኝ ሳሉ ነው፣ እሱ የቆየ ነው። እሳቸው ግን ከኔ በኋላ ይኖራሉ። ይሄን ካወቁ ይሄ ጨርቅ እሳቸው ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀር።» እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሙቅ ነው፤ ክብደት የለውም። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና «በእመቤትህ ይሁንብህ፣ አደራ» አሉኝ።

የእስላም እናት በእመቤቴ ስትለምነኝ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እሺ አልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሐጂ ምክንያቱን ካላወቁ ነገም ይደፍኑታል፤ የሚገቡበትንም ቤት እንዲሁ። ይህን ስነግራቸው እማማ ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፈገግ አሉ።

«አብሽር። አንተ የዕቃ ሰው አይደለህ? የዕቃ ምክንያት ፈልግላቸው።»

ጨርቆቹን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አጥሩ ሥር አስቀመጥኳቸውና ሐጂን ጠበቅሁ።

ከመስጊድ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ካራቫኑ ገቡ። ጥቁሩን ግድግዳ አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ሆኜ ያሰብኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ቃል ደርድሬ አላውቅም። ጣራው ነው አልኳቸው። ከመደፈኑ በፊት የገባው ውሃ ግድግዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ቆይቷል። እማማ ከዛሬ ጀምሮ ሰአዳ ቤት ይደሩ፤ ሽታው ልብሳቸውም ብርድ ልብሳቸውም ላይ ስላለ እስኪለቅ ድረስ እዚያም መስኮት ይከፈት። እዚህም ማጣበቂያው የሚጠናው በነፋስ ነውና መተንፈሻዎቹ ክረምቱ እስኪወጣ ክፍት ይሁኑ።

ሐጂ ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩ።

«እዚያ ላይ ጨርቅ ነበር።»

«ርሶ ነበር፣ ሐጂ። አወጣሁት።»

«ምን አራሰው?»

«ጣራው።»

ዞር ብለው አዩኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው የሰው ፊት ሲያዩ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ውሸት የለመደ ፊት የለኝም። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ጣራው» አሉ።

«ጣራው ነው።»

«እሺ» አሉና ወጡ።

በዚያው ቀን እማማ ዘሃራ ወደ ሰአዳ ክፍል ገቡ፤ መስኮቱም ተከፈተ። ግን ዘግይተናል። ቅዳሜ ጠዋት የተነቀለውን ልጠግን ስመጣ ግቢው ውስጥ መኪና ቆሟል። ሐጂ የፈሩት ደርሶ ነበር፤ ደሴ ሆስፒታል ሊያወጧቸው ነው። ለመሸከም ሰው ያስፈልግ ስለነበር አብሬ ገባሁ። እማማ ዘሃራ ከኋላ፣ በሐጂና በሰአዳ መሀል ተደግፈው ተቀመጡ፤ እኔ ከሹፌሩ አጠገብ።

ሐረጎን ስንያያዘው ጭጋጉ ወረደብን። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይሄዳል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ መስታወቱም ማላብ ጀመረ። ከኋላዬ የእማማ ዘሃራን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ እንደ መጋዝ ይሄዳል፣ ይይዛል፣ ደግሞ ይሄዳል። ኩርባው ላይ ስንደርስ አንድ ነገር አሉ። ሰአዳ አልሰማችም። ደግመው አሉት፦ «ክፈቱልኝ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና «በዚህ ጭጋግ ብርድ አይሆንባቸውም?» አለ። ሰአዳ ሐጂን አየች። እኔ መዞር ፈራሁ። ከዚያ የመስኮቱ መዘውር ሲዞር ሰማሁ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። ቀስ ብዬ ዞር ስል፣ የከፈቱት ሐጂ ናቸው። የሐረጎ ብርድ መኪናውን ሞላው። ማንም ዝጉት አላለም። እማማ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አፋቸውን ከፍተው ሄዱ፤ ሐጂ ጋቢውን ከሚስታቸው ደረት ላይ ሳይሆን ከራሳቸው ትከሻ ላይ ነበር አጥብቀው የያዙት። ያን ጊዜ ስለለመኗቸው ነው የከፈቱት ብዬ አሰብኩ።

እማማ ዘሃራ በሳምንቱ፣ እዚያው ደሴ፣ አረፉ። ሻጋታው ገደላቸው አልላችሁም፤ ሐኪሙ ለሰአዳ ሳንባቸው ከድሮም የተጎዳ ነበር ብሏታል። ሕመሙን ክረምቱን ሁሉ አባብሶባቸዋል፤ ይህን ግን አውቃለሁ። ለቅሶ ላይ ሆጤ ወጥቼ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ለሐጂ «እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል፣ አላህ ያውቃል» ይላቸዋል። በሰሙት ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። 

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ያው ነው፤ አሠራሬ ግን ያው አይደለም። አሁን ሰው ቤቴ አፈሰሰ ብሎ ሲጠራኝ መሰላል አላነሳም። ቁጭ ብዬ ማን እዚህ እንደሚተኛ፣ የት እንደሚያበስል፣ የት እንደሚታጠብ፣ መስኮቱን ማን እንደሚዘጋው እጠይቃለሁ። የጠሉኝ አሉ፤ ይሄ ልጅ ጣራ ሊሠራ ነው ወይስ ነገር ሊያጣራ የመጣው የሚሉኝ። ይበሉ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት። ብርድ ይመታዋል ብላችሁ የደፈናችሁት ቀዳዳ ካለ አንድ ጊዜ አስቡበት። ከሁሉ በላይ ግን ታማሚውን ጠይቁት፤ ጠይቃችሁም ሲመልስላችሁ አትደንግጡ። እማማ ዘሃራ ዝም ያሉት የሚሉት አጥተው አይደለም። የአንድን ሰው ድንጋጤ ደግመው ማየት ስላልቻሉ ነው።

አደራው የወረደው መስከረም ላይ ነው። ሰአዳ ደውላ ሐጂ ካራቫኑን ለሚፈልግ ሰው ሊሰጡት ነው፣ መጥተህ እየው አለችኝ። ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ሐጂ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የከፈትኩት ግድግዳ እንደተከፈተ ነው፤ ሻጋታው ደርቆ አቧራ ሆኗል። መስኮቶቹ ላይ ፕላስተር የለም። አልጋው ላይ፣ ከአጠገባቸው፣ ታጥበው የተተኮሱ ትንንሽ ጨርቆች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ጥቁሩ ነጠብጣብ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። አረንጓዴው አበባ ግን ይታያል።

ከረጢቱን አጥሩ ሥር ትቼው እንደሄድኩ ትዝ አለኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ጣራውን ቀና ብዬ አየሁ።

«ጣራው ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ሐጂ።»

«አንድ ጠብታ አላስገባም። የቀረውን ክረምት ሁሉ እየመጣሁ አየሁት።» መዳፋቸውን ጨርቆቹ ላይ አሳረፉ። «ዘሃራን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት። ምን ብላ እንደምትለምንህ አልጠፋኝም።»

ዕቃዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«አደራ አልበላህም» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ይበቃሃል። የቀረውን ለኔ ተወው።»

ዕቃዬን አንስቼ ወጣሁ። ደመናው ከሐረጎ በኩል እየወረደ ነበር፤ ንፋሱም ቀዝቃዛ ነው። ልማድ ሆኖብኝ፣ ብርድ እንዳይመታቸው በሩን ከኋላዬ ልዘጋው ስል ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ተወው ልጄ፤ አትዝጋው።»